ሩገር ወይስ ሲዚ? ለአጂፑ ልጅ የተሰጠ መልስ

«ጋሼ ሰላም ነዎት? ጅማ አጂፕ ሰፈር ነው ያደግኩት፣ ዲቪ ደርሶኝ ሚኔሶታ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የስራ ባልደረባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢላማ መተኮሻ ቦታ ይወስደኛል፣ ሳላስበው በጣም ወደድኩት፣ አሁን የራሴን ባለ 22 ጠመንጃ ልገዛ ብዬ ሩገር 10/22 እና ሲዚ 457 መሀል ተወጥሬ ቀረሁ። ባልደረባዬ ሩገሩን ውሰድ ይለኛል፣ ሱቅ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሲዚውን ይለኛል። ከዚህ በፊት ጠመንጃ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ሌላው ደግሞ ጅማ አጠገብ ሰቃ ያለው አባቴ በቆሎውን ከርከሮና ጦጣ እየጨረሰበት ነው፣ ለእረፍት ስመጣ ይቺኑ ይዤለት ብመጣስ ብዬ አስቤአለሁ። እንዴት ያዩታል? የአጂፑ ልጅ።»

የአጂፑ ልጅ፣ እንኳን ጻፍክልኝ። መልሱን እስከ መጨረሻ አላንጠለጥልብህም፣ ሲዚውን ግዛ። ብሩ ካልደረሰልህ ሩገሩን ግዛና ወደታች የምነግርህን አንድ ነገር አድርግበት። የአባትህን ጉዳይ በተመለከተ ግን መልሴ አይሆንም ነው፣ እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ ምክንያቱም ከሁለቱ ጠመንጃዎች ይልቅ እሱ ነው ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ።

እኔ ወደ ጅማ ከመመለሴ በፊት አሜሪካ 11 ዓመት ኖሬአለሁ፣ ከዛ ውስጥ ብዙውን ቅዳሜ ጠዋት ያሳለፍኩት አንተ አሁን የምትሄድበት አይነት ቦታ ላይ ነው፣ ኋላ ላይ ጀማሪዎችን አጠገባቸው ቆሜ አሳይ ነበር። ስለዚህ የምነግርህን ካየሁት ነው።

መጀመሪያ ጥይቱን እወቀው። እኛ ሀገር ጠመንጃ ሲባል ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ክላሽ ነው፣ ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ ምንሽርና አልቤን። ባለ 22፣ ማለትም የጥይቱ ውፍረት 0.22 ኢንች የሆነው ትንሽ ጠመንጃ፣ ሌላ ነገር ነው። እርሳሷ 2.6 ግራም ገደማ ናት፣ የክላሽ ጥይት እርሳስ ወደ 8 ግራም ነው ፍጥነቱም እጥፍ ነው። በፈረንጅ ከ1887 ጀምሮ ያለ የቆየ ጥይት ነው፣ እና ልዩ የሚያደርገው ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ቅመም መሀሉ ላይ ሳይሆን የቀለሁ ከንፈር ውስጥ ዙሪያውን መቀመጡ ነው፣ መርፌው የሚመታው ጠርዙን ነው ማለት ነው። ለዛ ነው ቀለሁ ስስ የሆነው፣ ለዛ ነው አንዴ የተኮስከው ቀለህ ተመልሶ የማይሞላው፣ ለዛም ነው አልፎ አልፎ የሚከሽፍብህ ምክንያቱም ቅመሙ ጠርዙ ላይ በደንብ ያልተዳረሰበት ቦታ ከተመታ በቃ አይነሳም። ለጀማሪ ትልቁ ጥቅሙ ትከሻ አለመምታቱ ነው። በከባድ ጠመንጃ የጀመረ ሰው ቃታ ሊስብ ሲል አይኑን ይጨፍናል ትከሻውን ይሰበስባል፣ ይሄ አመል አንዴ ከገባ ለማስወጣት ዓመት ይፈጃል። በባለ 22 የጀመረ ግን ስህተቱን በግልጽ ያየዋል ምክንያቱም ጠመንጃው አልረበሸውም፣ የረበሸው የራሱ እጅ ነው።

ግን ትንሽ ናት ብለህ እንዳትንቃት። የጥይቱ ፓኮ ላይ እራሱ እስከ አንድ ተኩል ማይል ትሄዳለች ብሎ ይጽፋል፣ ያ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ድምጿም ቀላል ይመስላል እንጂ ወደ 140 ዴሲቤል ይደርሳል፣ ጆሮህንም አይንህንም ሳትሸፍን አንድ ጥይት አትተኩስ።

አሁን ሩገሩ። ባልደረባህ የመከረህ ክፉ ምክር አይደለም። ሩገር 10/22 በፈረንጅ ከ1964 ጀምሮ ሲሰራ የኖረ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ በዚህ ጠመንጃ ያልጀመረ ተኳሽ ማግኘት ይከብዳል፣ መለዋወጫው በየሱቁ አለ፣ የሚሽከረከረው ባለ 10 ካዝናው በጣም አስተማማኝ ነው፣ ካርባይን የሚሉት ሞዴል 2.3 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ለረጅም ሰዓት ብትይዘው አይከብድህም፣ የብረት ማነጣጠሪያ አብሮት ስለሚመጣ ሌላ ነገር ሳትገዛ እዛው ቀን ትተኩስበታለህ። ዋጋውም ከሲዚው ግማሹን ትንሽ አለፍ ቢል ነው። አንድ ጥይት ስትተኩስ በራሱ ቀለሁን አውጥቶ ሌላውን ያጎርሳል፣ ያንተ ስራ ቃታ መሳብ ብቻ ነው።

እኔ ለጀማሪ የምፈራው ደግሞ እሱን ነው፣ ቃታ መሳብ ብቻ ሲሆን።

አንድ ነገር ልንገርህ። ጠመንጃ በያዝኩ በሶስተኛው ወር አካባቢ ነው፣ በሩገር እየተኮስኩ አስር ጥይት ጨርሻለሁ ብዬ አሰብኩ፣ ካዝናውን አወጣሁ፣ ባዶ ነው ብዬ ለማረጋገጥ ያህል ቃታውን ሳብኩ፣ ጮኸ። አንድ ጥይት ውስጥ ቀርቶ ነበር፣ የተኮስኩት ዘጠኝ ነው አስር አይደለም። አፈሙዙ ወደ አፈር ክምሩ ስለነበር ማንም አልተነካም፣ ግን እጄ ከዛ በኋላ ያን ቀን ሙሉ አልረጋም፣ እቤት ገብቼ እንኳን ሻይ መያዝ አቅቶኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው የጠመንጃው አይደለም፣ ነገር ግን ጠመንጃው እንዴት እንደሚሰራ ባለማወቄ የመጣ ጥፋት ነው። መደበኛው 10/22 የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ ቦልቱ፣ ማለትም ወደኋላ ተስቦ የሚያቀባብለው ብረት፣ ተከፍቶ አይቆምም፣ ተመልሶ ይዘጋል። ከውጪ ስታየው ባዶውም የጎረሰውም አንድ አይነት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንደ ውዱእ ቁጠረው፣ ካዝና መጀመሪያ ይወጣል፣ ቦልቱ ይሳባል፣ ተከፍቶ እንዲቆም ይቆለፋል፣ ከዛ በአይንህ ታያለህ ከዛም በትንሽ ጣትህ ትነካለህ። አንዱን ብትዘል ሌላው አያድንህም።

ሲዚው ላይ ይሄ አይፈጠርም ማለቴ አይደለም፣ ውስጡ ጥይት የቀረ ማንኛውም ጠመንጃ ይተኩሳል። ልዩነቱ ምንድነው መሰለህ፣ ሲዚ 457 እያንዳንዱን ጥይት በእጅህ ነው የምታቀባብለው። እጀታውን ወደላይ ታነሳለህ ወደኋላ ትስባለህ፣ ቀለሁ ሲወጣ ታየዋለህ፣ ትገፋለህ፣ ትዘጋለህ፣ እንደገና ትይዛለህ ትተነፍሳለህ። በየጥይቱ መሀል ጠመንጃው ይከፈታል፣ አንተም በየጥይቱ መሀል ታስባለህ። ቡና ለቀማ ላይ አይተህ ይሆናል፣ ቀዩን ብቻ አንድ አንድ እያለ የሚለቅም ልጅ አለ፣ ቅርንጫፉን በመዳፉ ጨብጦ አረንጓዴውንም ቀዩንም የሚገፍ አለ። የሁለተኛው ቅርጫት ቶሎ ይሞላል፣ ግን ምን ለቀምክ ብትለው አያውቀውም። ሴሚ ኦቶማቲክ፣ ማለትም እንደ ሩገሩ በራሱ የሚያቀባብል፣ ይዞ የጀመረ ሰው የመጀመሪያውን ሺህ ጥይት እንደዛ ነው የሚጨርሰው፣ ወረቀቱ ላይ ብዙ ቀዳዳ አለ የትኛው ቀዳዳ የትኛው ጥይት እንደሆነ ግን አያውቅም፣ ሳያውቅ ደግሞ ምን ያስተካክላል?

ኦሊምፒክ ላይ በ50 ሜትር የሚተኮሰው በዚሁ በባለ 22 ነው፣ የአስሩ ነጥብ ክብ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው ስፋቱ፣ ከአንድ የቡና ፍሬ ብዙም አይበልጥም። በበረዶ ስኪ እየነዱ የሚተኩሱበት ባያትሎን የሚባለው ስፖርትም ያው ባለ 22 ነው በ50 ሜትር፣ ተኝተው ሲተኩሱ ኢላማው 45 ሚሊ ሜትር ነው። እዛ ሁሉ ያሉ ሰዎች የያዙት በእጅ የሚቀባበል ነው። በረዶው ያለበት ሀገር ስላለህ ባያትሎን አንድ ቀን ሂድና እይ፣ ልባቸው እየመታ እንዴት ትንፋሻቸውን እንደሚይዙ ማየት ብቻውን ትምህርት ነው።

ሲዚውን ቼክ ሀገር ኡኸርስኪ ብሮድ የምትባል ከተማ ነው የሚሰሩት፣ 457 ከቀድሞው 455 ቀጥሎ በፈረንጅ በ2018 ይፋ የሆነ ነው። እጀታው ሲነሳ 60 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ከላዩ ስኮፕ፣ ማለትም የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ቢኖርም እጅህን አይመታውም። ቃታው በቁልፍ ይስተካከላል፣ ሲሸጥ ካለበት ማለስለስ ትችላለህ፣ ግን መጀመሪያ ስድስት ወር እንዳትነካው። ካዝናው የሚይዘው 5 ነው። ሴፍቲው፣ ማለትም እንዳይተኩስ የሚቆልፈው፣ ወደፊት ሲገፋ ነው የሚተኩሰው፣ ሩገሩ ላይ ደግሞ ሴፍቲው ቃታው አጠገብ ወደጎን የሚገፋ ቁልፍ ነው፣ ሁለቱንም እየቀያየርክ የምትተኩስ ከሆነ ይሄን አትርሳ። ሲዚውን ስታጸዳ ቦልቱ ሙሉ በሙሉ ስለሚወጣ ዘንጉን ከኋላ በኩል ታስገባለህ፣ መደበኛው ሩገር ላይ ግን ካልፈታኸው በቀር ከአፈሙዙ በኩል ነው የምታስገባው፣ የአፈሙዙን ጠርዝ በዘንግ ከፋቀው የጥይቱ አካሄድ ይበላሻል፣ ተጠንቅቀህ ካደረግከው ግን ችግር የለውም።

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰውዬ ምናልባት ያልነገረህ ነገር፣ አሜሪካን የሚባለው የ457 ሞዴል የብረት ማነጣጠሪያ የለውም። ስኮፕና ማሰሪያውን ለብቻ ትገዛለህ፣ ያ ሌላ ወጪ ነው፣ ሳታስበው ሄደህ ጠመንጃውን ከገዛህ በኋላ በምን ላነጣጥር እንዳትል። ደግሞ ረዘም ይላል፣ ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ 63 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሩገሩ ካርባይን 47 ነው፣ በክብደትም ከሩገሩ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይበልጣል፣ ስኮፕ ሲጨመርበት የበለጠ። ለኔ ክብደቱ ጥቅም ነው ምክንያቱም ከባድ ነገር በትንሽ ትንፋሽ አይወዛወዝም፣ ግን ሱቅ ሄደህ ሁለቱንም ትከሻህ ላይ አድርገህ ሞክር። ጉንጭህ ሰደፉ ላይ ሲያርፍ አንገትህን ሳታጎብጥ አይንህ ቀጥታ ማነጣጠሪያው ላይ ከዋለ ያ ጠመንጃ ያንተ ልክ ነው፣ አንገትህን ከጠመዘዘህ ማንም ምን ቢልህ አትግዛው።

ብሩ ካልደረሰህስ ያልኩህ ይሄ ነው። ሩገሩን ግዛና ለመጀመሪያዎቹ 500 ጥይቶች ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ እየከተትክ ተኩስ። አንድ ትከታለህ ትተኩሳለህ፣ ካዝናውን ታወጣለህ፣ ከፍተህ ታያለህ፣ እንደገና አንድ። አጠገብህ ያሉት ቶሎ ቶሎ እያንጣጡ አንተ አንድ አንድ ስትል ሊያስቁህ ይችላሉ፣ ተዋቸው፣ ከሁለት ወር በኋላ ወረቀቶቻችሁን አስተያዩ።

ስለ ጥይት ብዙ ማለት እፈልጋለሁ ምክንያቱም ሰው በጠመንጃው ይጨቃጨቃል እንጂ በባለ 22 ላይ ጥይቱ ነው ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው። ሁለት ጎን ለጎን የተሰሩ አንድ አይነት ጠመንጃዎች እንኳን አንዱ የሚወደውን ጥይት ሌላው አይወደውም። አራት ወይ አምስት አይነት ባለ 50 ፓኮ ግዛ፣ በጣም ርካሹንም አንድ ጨምርበት፣ ጠመንጃውን ከረጢት ላይ አስደግፈህ በ50 ሜትር ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ጥይት በሁለት ሶስት ወረቀት ላይ ተኩስና ቀዳዳዎቹ የተሰበሰቡበትን እይ። ዝግተኛውን፣ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ የሚሉትን፣ በደንብ ሞክረው፣ በሰከንድ 325 ሜትር አካባቢ ስለሚሄድ ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው። ፈጣኑ ጥይት ሲነሳ ከድምፅ በላይ ይሆንና መንገድ ላይ ፍጥነቱ ወርዶ የድምፅን ፍጥነት ሲያቋርጥ ይረበሻል፣ በሩቁ ኢላማ ላይ ቀዳዳዎቹ ይበተናሉ። ሩገሩ ግን የሚያቀባብለው በጥይቱ ጉልበት ስለሆነ በጣም ደካማ ጥይት ብትሰጠው ቀለሁን ሳያወጣ ይነክሳል፣ ሲዚው ያንተ እጅ ስለሚያቀባብለው ይሄ ችግር የለበትም። በ50 ሜትር ካስተካከልከው በኋላ 100 ሜትር ላይ ብትተኩስ ዝግተኛው ጥይት ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርድብሃል፣ ጠመንጃው ተበላሸ ብለህ እንዳትደነግጥ፣ እንደዛ ነው።

ቃታ ስበህ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዝክ 30 ሰከንድ ቁጠር፣ ዘግይቶ የሚነሳ ጥይት አለ። ከዛ ነው የምትከፍተው። ድምፁ ከሌላው ያነሰ ፈስ የሚል ከሆነ ደግሞ በጭራሽ ሌላ እንዳትተኩስ፣ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ጠመንጃውን ባዶ አድርገህ ውስጡን ሳታይ አትቀጥል። ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ እርሳስ መርዝ ነው፣ ልጅ ያለበት ቤት የምትገባ ከሆነ ልብስህንም ቀይር።

ስለ ወረቀቱ ጉዳይ። በዲቪ ስለገባህ ግሪን ካርድ አለህ፣ የፌዴራሉ ህግ አይከለክልህም፣ ስቴቱ የሚጨምረውን ህግ ሱቁ ጠይቀህ ተረዳ። ስቱደንት ቪዛ ወይም ቱሪስት ቪዛ ላይ ላለ ጓደኛህ ግን ህጉ ሌላ ነው፣ ባጠቃላይ የተከለከለ ነው፣ እሱን ይዘህ ሄደህ ያዝልኝ ምናምን እንዳትለው። ሱቅ ስትገዛ 4473 የሚባል ፎርም ትሞላለህ፣ እዛ ላይ የተከለከለ እፅ ትጠቀማለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። የጅማ ልጅ ስለሆንክ በግልጽ ልንገርህ፣ እዚህ ምሳ በልተን የምንቅመው ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ፌዴራል ህግ በጥብቅ ከተከለከሉት ውስጥ ነው። እዛ ሆነህ የምትቅም ከሆነ ጠመንጃ መያዝ ራሱ ወንጀል ሊሆንብህ ይችላል፣ ፎርሙ ላይ አልጠቀምም ብለህ መፈረም ደግሞ ሌላ ወንጀል ነው። በጦር መሳሪያ ጉዳይ ጥፋተኛ የተባለ ግሪን ካርድ ያዥ ከሀገር ሊባረር ይችላል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ፣ እኔ ብሆን ጫቱን ነው የምተወው። ቤት ስታስቀምጠው ባዶውን ቆልፈህ፣ ጥይቱን ሌላ ቦታ ቆልፈህ።

አሁን የአባትህ ነገር። ወንድሜ ይሄን ሀሳብ ዛሬውኑ ተወው። በኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣው የጦር መሳሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ፣ ያለ ፈቃድ መሳሪያ ይዞ ወደ ሀገር መግባት የተከለከለ ነው፣ ፈቃድ ሰጪና ተቆጣጣሪው የፌዴራል ፖሊስ ነው። ሻንጣ ውስጥ ፈትቼ በክፍል በክፍል ብለህ አታስብ፣ ቦሌ ላይ ከያዙህ የአባትህ በቆሎ ቀርቶ ያንተ ኑሮ ነው የሚበላው። ቢያልፍልህ እንኳን ደግሞ የሚታሰረው አባትህ ነው፣ ፈቃድ የሌለው መሳሪያ ቤቱ የተገኘበት እሱ ነው።

ህጉን እንርሳው ብንል እንኳን ባለ 22 የከርከሮ መሳሪያ አይደለም። ከርከሮ ቆዳው ወፍራም ነው፣ በ2.6 ግራም እርሳስ ብትመታው ቆስሎ ይሮጣል እንጂ አይሞትም፣ የቆሰለ ከርከሮ ማሳ ውስጥ በሌሊት ያገኘው ሰው ምን እንደሚሆን ሰቃ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ደግሞ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች ያልኩህን አስታውስ፣ እዛ ቡናው ጥላ ስር በየመቶ እርምጃው ጎጆ አለ፣ ልጆች ውሃ ይቀዳሉ፣ በጨለማ ከርከሮ መስሎህ የምትተኩሰው ምን እንደሆነ ማን ያውቃል። አንተ ያለህበት መተኮሻ ቦታ ላይ ከኢላማው ጀርባ የአፈር ክምር አለ፣ አባትህ ማሳ ጀርባ ያለው የጎረቤት ቤት ነው።

አባትህ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ እኔም ከዘመዶቼ አየዋለሁ። በቆሎው ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮ እየመታ፣ ቀን ደግሞ ጦጣውን በወንጭፍ እያባረረ፣ አንድ ሽማግሌ ሰው ያንን ብቻውን ሁለት ወር አይችለውም። ለጠመንጃ ያሰብከው ብር ላይ ስኮፑን ትንሽ ዝቅ ያለውን ግዛና የተረፈውን ላክለት፣ ለሁለት ወር ሌሊት የሚጠብቅ ጎረምሳ ይቀጥርበታል፣ ጥሩ የሶላር ባትሪ ሁለት ሶስት ጨምርበት፣ ከርከሮ ድንገተኛ ብርሃንና ድምፅ ይፈራል፣ ጎረቤቶቹም ተራ ከገቡ ሁሉም ይተኛል። ሰቃ ለኔ ሩቅ አይደለም፣ ሐሙስ ገበያ የሚመጣ ሰው ካለው ስሙን ንገረኝና ባትሪዎቹን እኔ ተቀብዬ አደርስለታለሁ። እሸቱ ሳይደርስ ጻፍልኝ።